የባቡሯ ጠርሙስ

በታላቅ ሐዘን የሚገለጽ ዜና። ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በፊት በደባርቅ ከተማ ከባድ የባቡር አደጋ ደርሷል። አንድ እፍኝ ማሽላ ጭና ከአዲ አርቃይ የተነሣችው ባቡር የሊማሊሞን ዳገት ሙሉ በሙሉ ከወጣች በኋላ መድረሻዋ ላይ መቆም ተስኗት ገደል ገብታለች። ጭነቱ በሙሉ ወድሟል። በአደጋው መንስኤ ላይ ምርመራ ተካሂዶ ጥፋተኛው እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ይድረስ ለአባቴ።

አባዬ፣ ከተለየኸን ዓመት ከአራት ቀን ሆነ። ደብዳቤ ሲጻፍ በቅድሚያ ጤና ይጠየቃል ብለው አስተምረውን ነበር፤ ያንተን ጤና እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ ግራ ቢገባኝ ዘለልሁት። እኛ ደህና ነን። ከቤቱ የጎደለው ሳልህ ነው። እማዬ አሁንም ጠዋት ስትነሣ ጆሮዋን ወደ አልጋህ ቀና ታደርግና፣ ትዝ ሲላት ወደ እሳቱ ትዞራለች።

አንተ እያልሁ መጻፌን ታዝበህ ይሆናል። በሕይወት ሳለህ አንቱ ነበር የምልህ። አንድ ቀን አምልጦኝ አንተ ብልህ ከዘራህን አንሥተህ እስከ ገበያው ድረስ አባረርኸኝ። አሁን ከዘራህ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ አንተም ሩቅ ነህ። አንተ፣ አንተ፣ አንተ። ይኸው ሦስት ጊዜ አልሁ፤ ማን ሊከለክለኝ? ደግሞስ እግዚአብሔርንም በጸሎት አንተ ነው የምንለው፤ ከእሱ በልጠህ ካልተቀየምህ በቀር ይቅር ትለኛለህ።

ይኸን ደብዳቤ የምጽፈው በፈቃዴ ብቻ አይደለም፤ ተፈርዶብኝ ነው። ማን እንደፈረደብኝ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ የአገሩን ወሬ ልንገርህ። ትምህርት ቤታችን የወታደር ማደሪያ ከሆነ ወዲህ ልጆቹ በየዋርካው ሥር ነው የሚማሩት። ስኳር አሁንም በቀበሌ ሰልፍ ነው። ተዝካር አታብዙ የሚል ትእዛዝ ስለወጣ፣ ሙት ዓመትህን ለቀበሌው ትንሽ ጸሎት ነው ብለን፣ ለጎረቤቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም ብለን አውጥተነዋል። በሥራ ጠረጴዛህ ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። የሰውን ፋኖስና ማሾ እጠግናለሁ። እንደ አባቱ ነው ይሉኛል፤ ከዚያ ማሾውን ቤታቸው ወስደው ሲለኩሱት ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።

ወደ ጉሬዛ ልምጣ። የአደጋው ነገር ከሷ ነውና።

ከድሬዳዋ ተጠቃልለህ የመጣህበትን ቀን አልረሳውም። አሥራ ሁለት ዓመት በባቡር መጠገኛው ብረት ስትሞርድ ኖረህ፣ እኛን በዓመት አንዴ ስትጎበኝ ቆይተህ፣ ሳንባህ አልችልም ሲልህ ወደ ደባርቅ ተመለስህ። ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ትልቅ ሣጥን ሲወርድ የእማዬ ዓይን በራ። ከድሬዳዋ የመጣ ሰው ሻሽ ያመጣል፣ ሽቶ ያመጣል። ሣጥኑ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች ትናንሽ ሀዲድ ነው። ከሀዲዱ ሥር በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለች፣ ክንድ የማትሞላ ጥቁር ባቡር ወጣች። እውነተኛ እሳት የሚነድባት፣ እውነተኛ ውሃ የሚፈላባት፣ በእንፋሎት የምትሄድ ባቡር። ፈረንጁ አለቃህ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ተሰብራለችና መጠገን ከቻልህ ውሰዳት ብሎ የሰጠህ ናት። እማዬ አንዴ እሷን አንዴ አንተን አየችና፣ ሽቶው የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀች። አንተ የማሽን ዘይቱን ጠርሙስ አስሸተትሃት። ለእንዲህ ያለው ቀልድ ከዘራ የሚያነሣ ሰው በቤቱ ስላልነበረ ተረፍህ።

በማግስቱ ደግሞ ሁለት ሴቶች ቁና ቁና ገብስ ተሸክመው ከደጃችን ቆሙ። በእኛ አገር ባቡር የሚባለው ወፍጮ ነውና፣ አባቴ ከድሬዳዋ ባቡር አምጥቷል የሚል ወሬ ሰምተው ሊያስፈጩ መምጣታቸው ነበር። ወሬውን የነዛሁት እኔ ነኝ። እግረ መንገዴን ይኸንንም ልናዘዝ፤ ከኃጢአቶቼ መካከል ትንሿ እሷ ናት።

ስም አወጣህላት፤ ጉሬዛ። ገላዋ ጥቁር፣ ከጀርባዋ የሚነሣው እንፋሎት ነጭ፣ ልክ በገደሉ ጫካ ከዛፍ ዛፍ እንደሚዘለው እንደ ጉሬዛ። ሀዲዷን በባሕር ዛፍ ሳንቃ ላይ ቸንክረህ በቤቱ ግድግዳ ዙሪያ ዘረጋኸው። ከበሩ ሥር ከወለሉ ይነሣል፤ እዚያ በጠመኔ አዲ አርቃይ ብለህ ጻፍህ። ከዚያ ሳንቃው በድንጋይ እየተደገፈ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፤ ከአልጋው በላይ ይጠመዘዛል፤ መጨረሻው የመስኮቱ ደፍ ነው። ደፉ ላይ ደባርቅ ብለህ ጻፍህ። መካከሉ ሊማሊሞ ሆነ። እውነተኛው ሊማሊሞ የጭነት መኪና የሚያስለቅስ ዳገት ነው፤ ያንተው ሊማሊሞም ጉሬዛን አስለቀሳት። በሜዳው ትበራለች። ዳገቱን በጉልበት ትጀምረዋለች። ከአልጋው በላይ ካለው ጠምዛዛ ስትደርስ ግን ትንፋሿ ያጥራል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቆማለች። ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር አንተ ታኮ ትላለህ፤ እኔ እንደ ጭነት መኪና ረዳት ዘልዬ ከጎማዋ ኋላ ጠጠር አስገባለሁ። ሾፌርና ረዳት ሆነን አምስት ዓመት ኖርን፤ አንድ ቀን እንኳ ደባርቅ አልገባንም።

ምኞትህ አንድ ነበረች። አንድ እፍኝ የቆላ ማሽላ ጭና ጠምዛዛውን አልፋ ደባርቅ እንድትገባ። በዚህ አገር በእኔ ዕድሜ ባቡር አይመጣም፤ በቤቴ ግን ይመጣል ትል ነበር። ሰው ሲስቅብህ አብረህ ትስቅ ነበር፤ ነገር ግን ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ያችን ጠምዛዛ ስታያት አይቼሃለሁ።

ያላደረግህላት ነገር የለም። መጀመሪያ የእሳቷ ክር አንድ ነበር፤ ሦስት አደረግኸው። የደባርቅ ብርድ ሙቀቷን እየሰረቀ ነው ብለህ ከገዛ በርኖስህ ጫፍ አንድ ጋት ቆርጠህ ውሃ የሚፈላበትን ሆዷን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለልኸው። እማዬ የበርኖሱን ጫፍ ስታይ ጉድ አለች፤ አንተ፣ እሷ ሲበርዳት እኔ ሞቆኝ አልቀመጥም አልህ። ጭስ ማውጫዋ አጥሯል ብለህ፣ ውጊያ ካለፈበት ሜዳ ለቅሜ ካመጣሁልህ የጥይት ቀለህ ረጅም አበጀህላት። ሰው ሊገድል የወጣ ናስ እንዲህ ጭስ እየተፋ ቢያረጅ ምናለበት ያልኸኝ ያን ቀን ነው። ሥራዋን ጨርሶ የሚወጣውን እንፋሎት በቀጭን ቱቦ ወደ ጭስ ማውጫው መራኸውና እሳቱን እንዲስብላት አደረግህ፤ የቱቦውን አፍ በፕሪሙስ መርፌ ስታጠብብና ስታሰፋ አንድ ጾም ሙሉ አለፈ። ጎማዋ ሀዲዱን ቆንጥጦ እንዲይዝ ብለህ እርሳስ አቅልጠህ ከሆዷ ሥር አፈሰስህ፤ ከበዳት፤ ግማሹን መልሰህ ሞረድኸው። ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ ጉሬዛ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ትጨምራለች። ጠምዛዛውን ግን አታልፍም።

በመጨረሻ ፍርዱን በአየሩ ላይ ሰጠኸው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ጉልበት የለውም፤ እሳትም ቢሆን በስስ አየር አይጠግብም ብለህ አስረዳኸኝ። እኔም ከሰባተኛ ክፍል በላይ ያልዘለቅሁት በአየሩ ምክንያት ነው አልሁህ። ያን ጊዜ ሳቅህ።

አባዬ፣ አየሩ አልነበረም።

ይኸውልህ። ላምባ በቀበሌ በኩል በጠብታ ስለሚታደል ለመብራት እንጂ ለመጫወቻ አይተርፍም ነበር። ስለዚህ ጉሬዛ የምትነደው በእማዬ አረቄ ነበር፤ ያውም ተራው አይደለም፣ ሁለት ጊዜ የወጣው፣ ዳግም የምንለው፣ ክብሪት ሲያይ የሚቀጣጠለው። በየወሩ እማዬ አንድ ሰማያዊ ጠርሙስ ሙሉ ትሰጥህ ነበር። አንተም በላዩ ላይ የባቡሯ ብለህ ወረቀት ለጥፈህበታል። በድሬዳዋ አረቄ እንዴት እንዳታለለህ፣ በንስሐ አባታችን በመምሬ ተገኝ ፊት ተገዝተህ እንዴት እንደተውኸው አገር ያውቃል። ግዝትህን ስትጠብቅ ደግሞ እንደ አንተ ያለ አልነበረም። ከጠርሙሱ ወደ እሳቷ ስትቀዳ ፊትህን ወደ ግድግዳ ታዞራለህ፤ ትንፋሽህን ትይዛለህ፤ ሲፈስ እንኳ በጨርቅ ትጠርጋለህ እንጂ ጣትህን አታስነካም። መቅመስማ የማይታሰብ ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን የምታውቀው የሞላችው እማዬ ናት። ከእሷ ሌላ የሚያውቅ ካለ ሌባው ነው።

ሌባው እኔ ነበርሁ። በመጀመሪያ ለጓደኛዬ ለደሴ ወንድነቴን ላሳየው ብዬ አንድ ክዳን ብቻ ቀዳሁ። ከዚያ ለጉንፋን ነው አልን። ከዚያ ጉንፋኑ አለቀቀንም። ጠርሙሱ እንዳይጎድል ደግሞ ከማድጋው ውሃ እየቀዳሁ እሞላው ነበር። ሲጎድል ያስታውቃል፤ ሲቀጥን ማን ያውቃል ብዬ በብልጠቴ ተደነቅሁ። ታኮ ስትለኝ አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት እየሳቅሁ እወድቅ ነበር፤ አስታወስህ? አንተ ልጅነት ነው ትል ነበር። ለጉሬዛ የታሰበው እሳት በእኔ ሆድ ውስጥ እየነደደ ነበር።

አየህ፣ እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስቃለሁ፤ አንተም በሰማይ ከሳቅህ ይቅር ብለኸኛል ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ቀን በስንት ትሕትና እማዬን፣ ዳግሙ ትንሽ ቀጥኖ ይሆን ብለህ ጠየቅሃት። እማዬን። የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት አረቄዋን ፍለጋ መንገድ የሚስትባትን ሴት። ሦስት ቀን አኮረፈችህ። ምግቡን ከፊትህ ታስቀምጣለች፤ ሳህኑ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር የሚያናግርህ። እኔ ምን አደረግሁ? በሁለታችሁ መካከል አስታራቂ ሽማግሌ ሆኜ ተመላለስሁ። ወዲህ መጥቼ፣ ክፉ ቃል አልወጣትም አልሁህ፤ ወዲያ ሄጄ፣ ሰው በስተርጅና ይሳሳታል አልኋት። ሌባው ዳኛ ሆኖ አስታረቃችሁ። አንተም ይቅርታ ጠይቀህ፣ ጥፋቱ የአየሩ ነው ብለህ ነገሩን ዘጋኸው። እማዬ ታረቀች እንጂ አልዘጋችውም።

የመጨረሻውን ሳምንትህን ልጻፈው አልጻፈው እያልሁ እርሳሴን ሁለት ጊዜ ቀረጽሁ። ዝናቡ ይወርድ ነበር። አልጋህ ላይ በጀርባህ ተኝተህ ከላይህ ያለችውን ጠምዛዛ ትመለከታለህ። እጄን ያዝህና፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ዳገቱን አበዛሁባት፤ ዝቅ ላደርገው ይገባኝ ነበር" አልኸኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበረች ቃሏ። እኔ ግን እንደ ልማዴ ቀልድ አወጣሁ፤ ሊማሊሞ ዝቅ እንዲል ለቀበሌው ማመልከቻ እንጻፍ አልሁህ። ሳቅህ። ሳቁን ሳል ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ስለ ጉሬዛ አላነሣህም፤ በአራተኛው ቀን ሄድህ።

ዓመቱን በሙሉ አልለኮስኋትም። እማዬ በነጠላ ሸፍናት እዚያው አዲ አርቃይ ላይ እንደቆመች ቀረች። ለሙት ዓመትህ ቤቱ ሲሰናዳ እማዬ ለቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት እንስጣት አለችኝ። ለእሱ ያልታዘዘች ለእኛ አትታዘዝም አለች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። ጉሬዛ ከሄደች ነገሬ አብሮኝ ይቀበራል፤ ማንም አያውቅም። ወዲያው በዚያ በድሮው ሣጥን ከትቻት ተሸክሜ እስከ ደጃፉ ድረስ ወጣሁ። እማዬ ከኋላዬ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ "አባትህ አረቄዬን ቀጭን ነው እንዳለ ሞተ" አለች። "አገር ያመሰገነኝ ምስጋና ቢሰበሰብ የእሱን አንድ ቃል አይሽርልኝም።"

ሣጥኑ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ተመለስሁ። ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ እናንድዳት አልኋት። ስለ ውሃው ግን ትንፍሽ አላልሁም፤ ጀግና መስዬ እንዳልታይህ።

እማዬ ፈተናው የአረቄዋ እንደሆነ ገባት። ሰማያዊውን ጠርሙስ አጥባ ከአዲሱ ዳግም ሞላችው፤ እሳቷ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከብብቷ አላወጣችውም። የሆዷን ውሃ እኔ ሞላሁ። ቀለሁን ወለወልሁ። አንድ እፍኝ ማሽላ ጫንሁ። ክብሪቱን ስጭር ሦስቱም ክር በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆነው ተነሡ፤ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲያ ያለ ነበልባል አላየንም ነበር። ቤቱ በአረቄው ሽታ ስለታፈነ እማዬ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ይኸን መስኮት ልብ በልልኝ።

ጉሬዛ ተነሣች። እኔ ጠጠሬን ይዤ ከጎኗ እየተራመድሁ እንዳትወጣ ጸለይሁ። ከወጣች ሌባው እኔ ነኝ። ካልወጣች የእማዬ አረቄ ለዘላለም ተፈረደበት። እኔ ምን ያህል ክፉ እንደሆንሁ እወቅ፤ እንዳትወጣ ነው የጸለይሁት። ሜዳውን ጨረሰች። ዳገቱን ጀመረች። የበርኖስ መጠቅለያህ፣ ሦስቱ ክርህ፣ ያ በመርፌ ያጠበብኸው ቱቦ፣ ግማሹ የቀረው እርሳስ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሲሠሩ ሰማኋቸው። ጠምዛዛዋ ጋ ስትደርስ ከልማዴ የተነሣ ጎንበስ ብዬ ጠጠሩን አዘጋጀሁ። አላስፈለጋትም። ከአልጋህ በላይ ፉት ፉት እያለች አለፈች። ያን ጊዜ ጸሎቴም ሌብነቴም ጠፋኝና፣ "አባዬ፣ ወጣች!" ብዬ ጮህሁ።

አንተ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ረስተሃል። ደባርቅ ላይ ማቆሚያ አልሠራህም። ለምን ትሠራለህ? ደርሳ አታውቅማ። ያን ሁሉ ማሻሻያ አንድ በአንድ ለቀጭን አረቄ ስትጨምርላት ኖረህ፣ ጉሬዛ ወፍራሙን ስታገኝ ማን ይያዛት? በጠመኔ የጻፍኸውን ደባርቅ በጎማዋ አጥፍታ፣ በተከፈተው መስኮት ወጥታ ሄደች።

ከመስኮቱ ሥር ለንፍሮ የተለቀመ ባቄላ በሰሌን ተሰጥቶ ነበር። ከሰሌኑ አጠገብ ደግሞ ለሙት ዓመትህ ስለ ፍትሐቱ ሊነጋገሩ የመጡት መምሬ ተገኝ በዱካ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጉሬዛ ባቄላው መካከል አረፈች፤ እሳቷ በአየር ላይ ጠፍቷል፤ እንፋሎቷ ግን ይጮህ ነበር። መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው እሷንም መስኮቱንም ባረኩ። ከዚያ ወደ ሰማይ አንዴ፣ ወደ ቀበሌው አንዴ አዩና፣ "ልጄ፣ ይኸ ከላይ ነው ወይስ ከቀበሌ?" ብለው ጠየቁ።

ቤት ውስጥ ግን የሳቀ አልነበረም። እማዬ መስኮቱን አላየችም። በእጇ ያለውን ባዶ ጠርሙስ አየች፤ ቀጥላ እኔን። ሴትዮዋ አረቄ አውጪ ናት፤ አረቄ የሚናገረውን ትሰማለች። አንተ ነህ ወይ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። "ውሃውን ከየት ነበር የምትቀዳው?" አለች።

"ከማድጋው" አልሁ።

ከመደቡ ላይ ቁጭ አለች። በርኖስህ ያው ከግድግዳው ላይ ነው፤ ጫፉ ተቆርጧልና ልብስህ ሲመጸወት የሚወስደው ጠፍቶ ቀርቶልናል። ወደ እሱ ዞራ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ "ሰማህ? አረቄዬ ደህና ነበር" አለችህ። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላወቅሁም። በኋላ ስጠይቃት ሁለቱንም ነው አለችኝ። ከሁለቱ መካከል ግን በጥፊ ብላኛለች፤ እሱ እንዳይረሳ።

መምሬ ተገኝ ጉሬዛን እንደ ድመት ግልገል በበርኖሷ አንጠልጥለው ሲገቡ ሁሉን ነገርኋቸው። ፈረዱብኝ። አርባ ቀን እየሰገድሁ እንድቆይ። ከአረቄም እንደ አንተው እንድገዘት። ሦስተኛው ፍርድ ግን፣ "የተበደለው እሱ ነው፤ ለእኔ የነገርኸኝን ለእሱ ንገረው" የሚል ነበር። እንዴት ብዬ አልኋቸው። ፊደል ቆጥረህ የለም ወይ አሉኝ። ይኸው እስከ ሰባተኛ ክፍል የቆጠርሁትን ፊደል በሙሉ እዚህ ላይ አፈሰስሁት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከመቃብርህ ዘንድ ቆሜ ጮክ ብዬ አነብልሃለሁ፤ ሌላም የሚሰማ ካለ ይስማ፤ ስለ እማዬ አረቄ የሰማ ሁሉ ቢሰማ ይሻላል።

አንዳንዴ፣ አባቴ ያውቅ ነበር፣ እያወቀ ነው ዝም ያለኝ እያልሁ ራሴን ላባብል እሞክራለሁ። ከዘራህን ሳይ ግን ውሸቴን እንደሆነ አውቃለሁ። ብታውቅ ኖሮ እስከ አዲ አርቃይ ታባርረኝ ነበር። አታውቅም ነበር። ዳገቱን አበዛሁ እያልህ ነው የሄድኸው። አላበዛህም፣ አባዬ። ዳገቱ ልክ ነበር። ክሩ ልክ ነበር፤ ቱቦው ልክ ነበር፤ እርሳሱም ልክ ነበር። አየሩ እንኳ ምንም አላደረገህም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የጎደለው እኔ የጠጣሁት ብቻ ነበር። ይቅር በለኝ።

ጉሬዛን ለማንም አልሰጠናትም። ማቆሚያም ሠራሁላት። በምን መሰለህ? ከከዘራህ ጫፍ አንድ ጋት ቆረጥሁና ከደፉ ላይ ቸነከርሁት። አትቆጣ፤ አንተም ለሷ ብለህ በርኖስህን ቆርጠሃል። ደግሞ እኔን በዕድሜዬ ያስቆመኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ለሷም ይሆናታል ብዬ ነው። ትናንት ሞከርኋት፤ ደባርቅ ገብታ ከዘራህን ገጭ አድርጋ ቆመች።

ቃል የምገባልህ ይኸ ነው። በየዓመቱ ሙት ዓመትህ ሲደርስ ሰማያዊው ጠርሙስ እስከ አንገቱ ይሞላል። ከውስጡ አንዲት ጠብታ አይጎድልም፤ አንዲት ጠብታም አይጨመርበትም። ስቀዳ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፤ ትንፋሼን እይዛለሁ። ትናንት ያንን ሳደርግ እማዬ አየችኝና ሥራዋን አቁማ ቆየች። የትናንቱን ማሽላ የጫነችው እሷ ናት።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ከባድ አደጋ ብዬ ያስደነገጥሁህን ላስተካክል። ገደሉ ሁለት ክንድ ነው። የወደመው ጭነት አንድ እፍኝ ማሽላ ነው፤ እሱንም ዶሮዎቹ ለቅመው ጨርሰውታል። ጭስ ማውጫዋ ትንሽ ጎብጦ ነበር፤ በመዶሻህ ሁለት ጊዜ ስነካው ተቃና። ነገሩ ሁሉ ይኸን ያህል ትንሽ ነው፤ አንዲት መጫወቻ ከመስኮት ወደቀች። ደርሳ ነው የወደቀችው ግን።